ጭራቅ ዘር አለው ወይ?

በአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ የጅብን ያህል ስሙ የሚነሣ አውሬ ያለ አይመስለኝም። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው እሱ ነው። እስኪነክስ የሚያነክሰው እሱ ነው። ውሻው የሚጮኸው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። በአህያ ቆዳ የተሠራ ቤት የሚፈርሰውም የእሱን ጩኸት ሲሰማ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ይሄ ሁሉ ጅብ አንድ ጅብ አይደለም። አንዱ አስመሳይ ነው። አንዱ ክብር የሚወድ እንግዳ ነው። ሌላው ደግሞ እሱ ምንም ሳያደርግ የሌላው ፈሪነት የሚገለጥበት ነው። ተረት ተራቹ ሕዝባችን ለጅብ እንኳ እንደየሁኔታው ጠባይ ሰጥቶታል። ሌሊት ሌሊት ከብቱን ለሚበላበት አውሬ ማለት ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሌላ ጉዳይ ነው። በምናብ ዓለም ላይ የቆመ ልብ ወለድ መጻፍ የሚወዱ ወጣቶች አልፎ አልፎ ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። ደስ የሚል ነገር አለው። ሰይፍ አለ፣ ከገዳም የወጣ የብራና መጽሐፍ አለ፣ ተራራ አለ፣ አባቱን የማያውቅ ጀግና አለ። ከተራራው ወዲያ ደግሞ አንድ ወገን ይኖራል። ጥፍራም ነው፣ ጥርሳም ነው፣ ደም ይጠጣል፣ ከልጁ እስከ ሽማግሌው ክፉ ነው። «ለምንድነው ክፉ የሆኑት?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «ዘራቸው ነዋ!»

እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ «ዘራቸው ነዋ» የምትል ቃል ናት። በልብ ወለድ ውስጥ ቀላል ትመስላለች። ጀግናው መቶውን ቢገድል አንባቢ አይሳቀቅም፣ ደራሲም ከብዙ ድካም ይገላገላል። ነገር ግን በዚህች አገር «በዘሩ ክፉ የሆነ ፍጡር አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የትላንት ጥያቄ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በገድሉም፣ በድርሳኑም፣ በቡናው ዙሪያም አንሥተውታል። የሰጡት መልስ ደግሞ ሁለት ነው፤ ሁለቱም እርስ በርሱ አይስማማም። የመጀመሪያውን መልስ ረስተን ሁለተኛውን ብቻ ይዘን እንዳንቀር ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከቡናው ልጀምር። ዛር ከየት መጣ ቢባል በአማራው አገር የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ነበር አሉ። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ያማሩትን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። እሱ ግን ያውቃልና «የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ» አለ። የታዩት ሰዎች ሆኑ፣ ያልታዩት ዛር ሆኑ። እስቲ ይህን ታሪክ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ሰውን የሚያሳምመው፣ የሚያስጓራው፣ የሚያስጨፍረው ያ የማይታይ ወገን የሩቅ ባዕድ አይደለም፤ ወንድማችን ነው፣ እኅታችን ናት። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ያማሩት እነሱ ናቸው። የተበደሉትም እነሱ ናቸው፤ ያውም በእናታቸው ፍቅር ምክንያት። ለዚህ ነው ዛር እንደ ጠላት የማይወጋው። ስሙ ይጠየቃል፣ የሚወደው ይቀርብለታል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ሽቶ ይረጭለታል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ የመዘገበው ይህንኑ ከዛር ጋር የሚደረግ ድርድር ነው። የዛር እምነትን የሚቃወም ሰው ይኖራል፣ መብቱ ነው። እኔ የማወራው ስለ ታሪኩ አሠራር ነው። አንድን ባላጋራ ወገን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ወንድም አድርጎ፣ ቅሬታውን አስረድቶ፣ ክፋቱን ግን ያልደበቀ ታሪክ ነው።

ከቡናው ወደ ገድሉ እንሂድ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችው እናታችን ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ሰው ናት። ባለትዳር ነበረች፣ ልጆች ወልዳለች፣ ቤቷ የሞላ ነበር። አንድ ቀን በአገልጋይዋ ተናድዳ የእሳት ትንታግ አፏ ውስጥ ጨመረችባት፣ ልጅቷም ሞተች። ጸልያ ከሞት እንድትነሣላት ካደረገች በኋላ ነው ቤቷን ትታ የመነነችው። ኋላ በጣና ዳርቻ ጓንጉት ስትጋደል ያቀረበችው ልመና ከሁሉም ልመና የተለየ ነው። «ሰይጣንን ታረቀው» አለች። እሱ ከታረቀ የሚያስት አይኖርም፣ የአዳም ልጅም አይኮነንም ብላ ነው። ገድሏ እንደሚለው ጌታ ልመናዋን አልናቀም። እሱ እሺ ካለሽ አምጪው አላት፤ ቅዱስ ሚካኤልንም አብሮ ሰደደላት። እሷም ሲኦል ደጃፍ ድረስ ሄዳ ጠራችው። እሱ ግን እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ወረወራት። ሚካኤል በሰይፉ አዳናት፤ ስትወጣም እልፍ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ለሰይጣን የለመነችው ሰው የገደለች እጅ ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት። ክፋት ከሌላ ዘር የሚመጣ ነገር እንዳልሆነ ከገዛ ማጀቷ ተምራለች። ሁለተኛ፣ ሰይጣን እንቢ አለ። እንቢ ማለት የሚችል ደግሞ እሺ ማለትም የሚችል ነበር። በሃይማኖታችን ትምህርት ሳጥናኤል ሲፈጠር መልአክ ነው፣ የመላእክትም አለቃ። ክፋቱ የፈቃዱ ነው እንጂ የአፈጣጠሩ አይደለም። ሦስተኛ፣ እንቢ ማለቱ የእሷን ድካም ከንቱ አላደረገውም። ለአንዱ የተከፈተው በር ለእልፍ ሆነ።

በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ደግሞ እሺ ያለ ጋኔን እናገኛለን። ጻድቁ አስተምረው፣ አጥምቀው፣ አመንኩሰው «ክርስቶስ ኀረዮ» አሉት፤ ክርስቶስ መረጠው ማለት ነው። ከግብጽ ወደ ግእዝ በተመለሰው ገድለ ሐዋርያትም ሰው የሚበላ ውሻ ፊት ያለው ፍጡር አለ፤ እሱም ሐዋርያቱን ሊበላ ሳይሆን ሊከተል ይነሣል። ሰይጣንም ሆነ ገጸ ከልብ «ዘሩ ነው» ተብሎ አልተዘጋበትም።

በላዔ ሰብእን ሳላነሣ ባልፍ ግን የየካቲት 16 ምእመን ይታዘበኛል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ያልተሳለበት ቤተ ክርስቲያንም ጥቂት ነው። የቅምር ሰው ነው። እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር ይባላል። ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ መጥቶ ልጁን አሳረደው፣ ከሥጋውም አቀመሰው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አልስማማው አለ፤ ቤተሰቡን ጨምሮ ሰባ ስምንት ሰው በላ። በመጨረሻ አንድ በውኃ ጥም የሚሞት ቁስለኛ ለማኝ አገኘ። ለማኙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በቅዱሳን ስም ለመነው፣ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላ ወገን ተመዘነ። የእመቤታችን ጥላ ያረፈበት ውኃ መዘነ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የምሕረት ታሪክ ብቻ አድርጎ ይሰማዋል። ለእኔ የሒሳብም ታሪክ ነው። ሰባ ስምንቱ ተቆጥረዋል። «ድሮ ደግ ነበር፣ ተታልሎ ነው» ተብሎ አንድም አልተቀነሰለትም። ስማቸው ባይጻፍም ሚዛን ላይ ወጥተዋል። በዛሬ ዘመን «ውስብስብ ባለጋራ» ሲባል አንዳንዱ ጸሐፊ የሚመስለው ለጭራቁ አሳዛኝ ልጅነት መፍጠር ነው። እናቱ ሞታበት፣ ተገርፎ አድጎ፣ ስለዚህ ቢበላን አይፈረድበትም ዓይነት። የበላዔ ሰብእ ታሪክ እንዲህ አይልም። ከየት እንደተነሣ ይነግረናል፣ ስንት እንደበላ ይነግረናል፣ ቀጥሎ ደግሞ ያቺን አንዲት ጥርኝ ውኃ ያሳየናል። ሦስቱንም ሳይደብቅ። ጭራቅን ሰው የሚያደርገው ይሄ ነው።

እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው መልስ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ፤ ደስ አይልም።

ቡዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አላብራራም። በዐይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ መቃብር ይቆፍራል፤ የተበላውም ሰው ሲታጠን የበላውን ስም ይለፈልፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዘር መተላለፉ ነው። ዛር ስም ያለው፣ የሚነጋገሩት ነው። በላዔ ሰብእ ታሪክ አለው። ቡዳ ግን ዘር ብቻ ነው ያለው። አባቱ ከሆነ ልጁም ነው፤ ልጁ ምንም ቢያደርግ፣ ምንም ባያደርግ። በር የለውም።

ታዲያ ይህ በር የሌለው ፍጡር ማን ነበር? ከተራራው ወዲያ የሚኖር አልነበረም። ቀጥቃጩ ነበር፣ ሸክላ ሠሪዋ ነበረች፣ ቆዳ ፋቂው ነበር። በሰሜን፣ በወገራ፣ በደምብያ ደግሞ ቤተ እስራኤሎቹ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው፣ በጅቦች ጆሮ ላይ የቡዳዎቹ ዓይነት የወርቅ ጉትቻ እንደሚገኝ ይተርካል። ፈረንጅም ቢሆን ከአገሩ ሰው ጋር ሲኖር የአገሩን ፍርሃት ይለብሳል። በየክታባችን ላይም ከአጋንንቱ ስም ጎን የብረት ሠሪ ስም ተሰልፎ ይነበባል።

እንዴት እዚህ ደረስን? ጄምስ ኩዊሪንን የመሰሉ የታሪክ ሰዎች ከቤተ እስራኤል ታሪክ ያወጡት መልስ ቀላልና መራራ ነው። መሬት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ተዋግተው ከተሸነፉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም መባሉ በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው ምን ይብላ? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል፣ ይገነባል። ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ሚስቱም ያለ ምጣድና ያለ እንስራ አትኖርም። ስለዚህ ቀጥቃጩን ማባረር አይቻልም፤ ማቀፍም አልተፈለገም። ቅርብ ሆኖ ሩቅ እንዲሆን የተገኘው መላ «ጅብ ነው» ማለት ነበር። እሱ በሠራው ማረሻ አርሶ የበላ ሰው፣ ሠሪውን «በላኝ» አለው። ሐጋር ሰሎሞን የምትባል እስራኤላዊት ተመራማሪ ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤሎች ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቻቸው አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ «የጅብ ሕዝብ» ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተጭነው ሄደዋል። ቃሉ ግን አብሯቸው አልተሳፈረም። እዚሁ ቀርቶ ለሌላው ቀጥቃጭ፣ ለሌላዋ ሸክላ ሠሪ ይውላል።

እዚህ ላይ ወደ ላስታ ልውሰዳችሁ። ሮሐ፣ ዛሬ በንጉሡ ስም ላሊበላ የምንላት ከተማ፣ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሏት። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ከመሬቱ እኩል ነው፤ መሠረቱ ግን 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። በገድሉ እንደምንሰማው ቀን ቀን ሰዎች ሲሠሩ፣ ሌሊት ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር። እኔ ከመላእክቱ ጋር ጠብ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዐለት የሚፈለፈለው በመሮ ነው። መሮ ይደንዛል። ያንን ሁሉ ዐለት ለመፈልፈል ስንት ጊዜ መሮ ተስሎ፣ ስንት ጊዜ እሳት ገብቶ፣ ስንት ጊዜ ተቀጥቅጦ ይሆን? ከእያንዳንዱ ጠራቢ ጀርባ ወናፍ የሚነፋ አንድ ሰው መኖር ነበረበት። የመሮው ምልክት ዛሬም ግድግዳው ላይ ይታያል። በታሪኩ ውስጥ ለመላእክት ቦታ አለ፣ ለንጉሡም አለ። የቀጥቃጩ ቦታ ግን የለም። ኋላ ዘመን ሲመጣ ያገኘው ቦታ ከጅቡ ጋር ነው።

ያው ላስታ ግን ሌላ ትምህርትም አለው። የዛጉዌ ነገሥታት በኋላ ዘመን ጸሐፊ ዐይን ምን ነበሩ? ባለጋራ ወገን! ክብረ ነገሥት መጨረሻው ላይ ስለ ራሱ ሲናገር፣ መጽሐፉ በላሊበላ ዘመን ወደ ዐረብኛ ቢመለስም ወደ ግእዝ ሳይመለስ የቀረው እስራኤላዊ ያልሆኑ ነገሥታት ስለ ነበሩ ነው ይላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዘውዱን ከወሰደው ወገን ጋር ቆሞ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። «ዘራቸው ነዋ» ማለቱ ነው በዘመኑ ቋንቋ። እንግዲህ ዛጉዌዎች እዚያው ክስ ላይ ታትመው መቅረት ይችሉ ነበር። አልቀሩም። ዘውዱን በተነጠቁ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ገድለ ላሊበላ ተጻፈ። በማን ዘመን? በባላንጣዎቻቸው ልጆች ዘመን። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ አራቱ ቅዱሳን ነገሥታት ተብለው ይከበራሉ። «እስራኤላዊ አይደሉም» ያለው መጽሐፍም «ቅዱሳን ናቸው» ያለው መጽሐፍም በአንድ ዕቃ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማንም አንዱን አላቃጠለም።

ከአራቱ ደግሞ ሐርቤን ተመልከቱት። በገድለ ላሊበላ ውስጥ ባለጋራው እሱ ነው። ወንድሙ ነው፣ ንጉሥ ነው፣ ንቦቹ የመሰከሩለትን ታናሽ ይፈራል። ያሳድደዋል። ከዚያው ቤት መርዝ ይወጣል። በኋላ ግን በራእይ ታዝዞ ዘውዱን በገዛ እጁ ያስረክባል፤ ወንድማማቾቹም ይታረቃሉ። በሌላ አገር ተረት ቢሆን ሐርቤ መጨረሻው ላይ ገደል ይገባ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ቅዱስ ንጉሥ ነው። ክፉ ሥራውም ከገድሉ አልተፋቀለትም። የባለጋራውን ጥፋት ጽፎ ባለጋራውን በስሙ ማክበር፣ ይህ የላስታ ብዕር ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድ ከዚህ ከሁለተኛው ሳይሆን ከመጀመሪያው ወገን ነው የተወለደው ማለት ይቻላል፤ ጎደሎው እንዳለ ሆኖ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው ልብ ወለድ፣ ኋላ ጦቢያ ተብሎ በታወቀው፣ ክርስቲያኖቹን ድል የመታው የአረመኔ ወገን ነው። ሆኖም የዚያ ወገን ንጉሥ ጭራቅ አይደለም። ያዝናል፣ ይወድዳል፣ ይራራል። በመጨረሻም አምኖ ጦቢያን ያገባል። ጎደሎው ምኑ ላይ ነው? በሩ አንድ ብቻ መሆኑ ላይ። ንጉሡ ደግ ሰው ሆኖ የሚፈጸመው እኛን ሲመስል ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ሠራተኛ በሙያው የሚሰድበውን ሁሉ የሚያወግዝ ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ ቀጥቃጩን «ተለወጥና እንወድሃለን» አላለውም። ባለበት፣ ከነመዶሻው እንዲከበር ነው ያዘዘው። በዚህ አንድ ነገር ንጉሡ ከደራሲው አንድ እርምጃ ቀድመዋል። ዐዋጅ ስድብን ባያጠፋም ማለት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ወጣቶቻችን ኮርጀው የሚጽፉለት እንግሊዛዊው ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1955 ሲያወጣ፣ ኦርክ የተባሉ በሺህ የሚታጨዱ ክፉ ፍጡራን ነበሩበት። ሰውየው አጥባቂ ካቶሊክ ነበረ። ክፋት መፍጠር አይችልም፣ የተፈጠረውን ማበላሸት እንጂ ብሎ ያምናል። ታዲያ ኦርኮች ከየት መጡ? በፍጥረታቸው ክፉ ከሆኑ ማን ፈጠራቸው? ካልሆኑ ደግሞ ስለ ምን አንዱም አይማርም? ከሞተ በኋላ በታተሙት ደብዳቤዎቹና ማስታወሻዎቹ እንደምናየው፣ አንድ ጊዜ ተይዘው የተበላሹ የኤልፍ ወገኖች ናቸው ይላል፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ይላል። እስኪሞት ድረስ አልተገላገለውም። የእሱን ሰይፍና ቀለበት የሚኮርጅ ሁሉ ይህን ጭንቀቱንም አብሮ ቢኮርጅለት ጥሩ ነበር።

«ምን አጨቃጨቀህ፣ ልብ ወለድ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልብ ወለድማ ነው። ነገር ግን ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን ከመግደሉ በፊት በሬዲዮ «በረሮ» ሲለው ከርሟል። በእኛም አገር በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚል አነጋገር ከፖለቲካው መድረክ ወጥቶ በየአፉ ገባ። በመጀመሪያ ለሥልጣን ሰዎች የተባለ ነበር፤ ዘር ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በየወገኑ ያልተጠራ አውሬ አልነበረም። በዚያ ዓመት መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላሊበላ ራሷ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ሐርቤን ቅዱስ ባለችው ከተማ ዙሪያ የሚሰማው የጠላት ስም የአውሬ ስም ነበር። ለብዙ ዘመን በቀጥቃጩ ላይ የተለማመድነው ቃል ቀላል ሆኖ ነው የተገኘው። ዝግጁ ነበር፤ የሚለወጠው የሚለጠፍበት ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ጭራቅ ለምትጽፉ ሁሉ ምክሬ ጭራቅ አትጻፉ የሚል አይደለም። ጻፉ። ዘንዶም ጻፉ፤ አርዌ ለአክሱም ሰዎች፣ ዘንዶው ለቅዱስ ጊዮርጊስ እንደነበሩ። አንድ ዘንዶ አንድ ዘንዶ ነው፣ ቢገደልም የሚበደል ዘመድ የለውም። ከተራራው ወዲያ ሕዝብ ስታሰፍሩ ግን ተጠንቀቁ። ሕዝብ ከሆነ እናት አለው፣ ልጅ አለው፣ እርሻ አለው፣ የሚጣላ ሽማግሌ አለው። በመሃሉ እንቢ የሚል አንድ ሰው መኖር አለበት። ጠብ ካለም ምክንያት ይኑረው፤ ውኃ ይሁን፣ መሬት ይሁን፣ ወይም እንደ ዛር የተደበቀ ልጅ ቅሬታ ይሁን። የገደሉትን ቁጠሩባቸው፣ ሰባ ስምንት ከሆነ ሰባ ስምንት። ጥርኝ ውኃ የሰጡም እንደሆነ አትደብቁባቸው። በራቸውም እኛን በመምሰል ብቻ የሚከፈት አይሁን። ማረሻችሁን የሚሠራላችሁ ማን እንደሆነም ከመጻፋችሁ በፊት እዩ። ብዙ ጊዜ ጅብ የምንለው እሱን ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ አንድ መፈተኛ አለ። ከዚያ ወገን የተወለደ የዐሥር ዓመት ልጅ መጽሐፋችሁን ሲያነብ አስቡት። አባቱ ጦርነት ላይ ሲሞት ያነብባል፣ እሺ። ወገኖቹ ሲሸነፉ ያነብባል፣ እሱም ይሁን። ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ይሄ እኔን ይመስላል» የሚለው አንድ ሰው ሳያገኝ ከጨረሰ፣ የጻፋችሁት ልብ ወለድ ሳይሆን ክታብ ነው።